የይስሐቅ መርዶ

ማናልሞሽ የቡናው ድርጅት ውስጥ ስትቀጠር ታይፒስት ነበረች። ታይፑ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ መዝገብ ቤት አዛወሯት፤ ከመዝገብ ቤት ደግሞ ፐርሶኔል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቴፒ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከዚያው ጽሕፈት ቤት አልወጣችም። ሥራዋ ማን ቀረ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ የሚለውን ማወቅ ነው። በለቀማ ወራት ከስምንት መቶ በላይ የቀን ሠራተኛ ይገባል፤ እሷ ግማሹን በስሙ ትጠራዋለች። ሰው ሲሞትበት ፈቃድ የምትሞላለት እሷ ናት፤ ቀብር ላይ ድርጅቱን ወክላ የምትቆመውም እሷው ናት።

የድርጅቱ ባለቤት ከሸሪኮች ጋር ሆኖ ዛምቢያ ውስጥ የቡና እርሻ የገዛ ጊዜ ነው ነገሩ የተለወጠው። እሸት ቡና ፈልፍሎ፣ አጥቦ፣ ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ አድርቆ ማውጣት የሚያውቅ ሰው ከዚህ ሄዶ እዚያ ያሉትን ያሠልጥን ተባለ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለሚካኤል አንዲት ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ። በሥራ ዝርዝሯ መጨረሻ «በውጭ አገር የተመደቡ ሠራተኞችን ጉዳይ መከታተል» የሚል መስመር ተጨምሯል።

«አቶ ኃይለሚካኤል፣ እኔ እኮ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም» አለቻቸው።

«አንቺ አትሄጂም እኮ ማናል፤ እነሱ ናቸው የሚሄዱት» አሉና ሳቁ።

አራት ሰው ላከች። የፓስፖርቱ፣ የሐኪም ምርመራው፣ የሥራ ፈቃዱ ጣጣ አንድ ዓመት ፈጀባት። የአንዱ ሚስት ልትከተለው ስትል፣ የተጋቡት በሽማግሌ ስለሆነ የጋብቻ ወረቀት የለሽም ተብላ ቀረች፤ አሁንም በየወሩ እየመጣች «ባሌን መቼ ነው የምትመልሺልኝ?» ትላታለች። ከሁሉ የከፋው ግን የመካኒኩ የሰይፈዲን ነው። የመጀመሪያ ፈቃዱን ወስዶ ወደ ቤቱ በመምጣት ፈንታ ሻንጣውን ይዞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነጎደ። ሚስቱ ማርዋ ልትቀበለው አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ፣ ሁለት ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ተመለሰች። መጥፋቱን የሰማችውም ከማናልሞሽ አፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ዛምቢያ ያለው ቢሮ ሕግ አጠበቀ። የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ፈቃድ የለም። የወላጅ፣ የባል ወይም የሚስት፣ የልጅ ሞት ከሆነ ብቻ ሰባት ቀን ይሰጣል፤ እሱም በደብዳቤ ሳይሆን ሲስተም በሚሉት በኮምፒውተር ይጠየቃል። ማናልሞሽም በየማክሰኞው በአራት ሰዓት ለእያንዳንዱ እንድትደውል፣ ደውላም «የሠራተኛው ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር እንድትጽፍ ታዘዘች።

ከአራቱ መካከል ይስሐቅን የምታውቀው ከልጅነቱ ነው። እናቱ እትዬ ለተብርሃን የድርጅቱ ለቃሚ ነበሩ። ይስሐቅ በማድረቂያ አልጋዎቹ ሥር እየዳኸ አደገና በኋላ የዚያው ክፍል ኃላፊ ሆነ። ቡናው መድረቅ አለመድረቁን አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ይናገራል፤ የእርጥበት መለኪያው መሣሪያ ከሱ የተለየ ሲያሳይ መሣሪያው ነው የሚጠረጠረው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞቱ እናትና ልጅ ብቻቸውን ነው የኖሩት።

ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው እትዬ ለተብርሃን ቢሮ መጡ። ያበጡ እግሮቻቸውን ወንበሩ ሥር ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

«ማናልዬ፣ አንድ ነገር ማይልኝ» አሏት።

«ምኑን እትዬ?»

«እኔ በሰባ ሰባት ሰፈራ ስመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ። እናቴ ትግራይ ቀረች። ከዓመታት በኋላ ጌጫ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ያገሬን ሰው አገኘሁ። የማውቅ መስሎት ‘እናትሽን ነፍስ ይማር፤ ሁለት ዓመት ሆናቸው አይደል?’ አለኝ። ሽንኩርቱን እንደያዝኩ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። አንድም የማውቀው ሰው አጠገቤ የለም። ሰው እያየኝ ያልፋል። ደረቴን ልምታ፣ ላልምታ፣ ግራ ገባኝ።»

«አይዞዎት እትዬ፣ ያለፈ ነው።»

«አላለፈም። ጌጫ ገበያ ከዚያ ወዲህ ወጥቼ አላውቅም። እኔ ብሞት ልጄ እንደዚያ እንዳይሰማ። በስልክ እንዳይነግሩት። አምጡትና፣ ሰው ሰብስባችሁ፣ በወግ ይረዳ። ደግፎ የሚይዘው ሰው ይኑር። ማይልኝ።»

«ማርያምን» አለች ማናልሞሽ። ቀላል ነገር የጠየቋት መስሏት ነበር።

ይስሐቅ በሄደ በስምንተኛው ወር፣ ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ፣ እትዬ ለተብርሃን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ወደቁ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ጎረቤታቸው ቲጂ ባጃጅ ጠርታ ሳትጨርስ አለፉ።

ቀብሩ ላይ የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደጻድቅ ማናልሞሽንና ቲጂን ለብቻ ጠሯቸው። የይስሐቅ አባት ጓደኛ ነበሩ፤ ልጁን ክርስትና ያነሱትም እሳቸው ናቸው።

«ልጁን እንዴት እናድርገው?»

«አመጣዋለሁ አባባ። ለእትዬ ምያለሁ።»

«እንግዲያው በአርባዋ ይድረስ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ቲጂ፣ የእናቱ ስልክ አንቺ ዘንድ ይሁን። ከደወለ ጠበል ወርደዋል በይው።»

ሁሉም ተስማሙ። እድርተኛው ሁሉ አፉን ዘጋ፤ ዛምቢያ ያሉት ሁለቱ ባልደረቦቹም እንዳይሰሙ ተደረገ።

ማክሰኞ በአራት ሰዓት ማናልሞሽ ደወለች። ይስሐቅ አንደኛው ጥሪ ሳያልቅ አነሳው።

«እትዬ ማናል፣ እናቴ ስልኳን አታነሳም። ቲጂ ጠበል ወርደዋል ትለኛለች።»

«አዎ፣ ወርደዋል። ኔትወርክ የለም እዚያ።»

«ደህና ናት ግን?»

«ደህና ናቸው።»

ዓምዱ ሥር «ደህና» ብላ ጻፈች። ስለ ይስሐቅ የተጻፈ ነው፤ ስለ እናቱ አይደለም።

ያን ቀን ከሰዓት አቶ ኃይለሚካኤል ቢሮ ገብታ ለስብሰባ ተብሎ እንዲጠራ ለመነቻቸው።

«የምን ስብሰባ?»

«የሆነ ስብሰባ። እዚህ ከደረሰ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይነግሩታል።»

«ማናል፣ ዛምቢያ ያሉት ሰዎች ስብሰባ የሚል አይቀበሉም። በስክሪን አይሰበሰብም ወይ ይሉኛል። ደግሞ እሱም እንደ ሰይፈዲን ቢጠፋ ማን ነው የሚጠየቀው?»

«ወደ አገሩ እየመጣ እንዴት ይጠፋል?»

«ሰይፈዲንስ ወደየት ነበር የሚመጣው?»

ሳምንት ሙሉ ስትመላለስባቸው ከረመችና በመጨረሻ አንድ ነገር ፈቀዱላት፤ እስቲ መጀመሪያ ልጁን ጠይቂው፣ ፈቃደኛ ከሆነ እጽፋለሁ አሏት።

በሁለተኛው ማክሰኞ ይስሐቅ ደስ ብሎት ነው የጠበቃት።

«ጠበሉ ምን ዓይነት ነው እትዬ ማናል? ቤት ሠራችበት እንዴ?»

«ተስማምቷቸው ነው።»

«አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እዚህ ከተማ ለስላሳ ጫማ አይቻለሁ፤ እግር ለሚያብጥበት ሰው ነው አሉኝ። ቁጥሯ ሠላሳ ሰባት ነው ሠላሳ ስምንት? ጠይቀው ይንገሩኝ፤ እኔ እንደጠየቅኩ ግን እንዳታውቅ።»

ማናልሞሽ ያን ዕለት ስለ ስብሰባው ማንሳት አልቻለችም። ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ በቲጂ ቤት በኩል አለፈች። ቲጂ የእትዬ ለተብርሃንን አሮጌ ጫማ ከሳጥን አውጥታ ገልብጣ አየችው፤ ቁጥሩ ጠፍቷል። በክር ለኩትና ሱቅ ወስደው ከሌላ ጫማ ጋር አስተያዩት። ሠላሳ ስምንት ነው። ማናልሞሽ ቁጥሩን በመልእክት ላከችለት። «ተባረኩ» የሚል መልስ መጣላት።

በሦስተኛው ማክሰኞ ጨክና ተናገረች።

«ይስሐቅ፣ እዚህ ለስብሰባ ትፈለጋለህ። አንድ ሳምንት ነው።»

«የምን ስብሰባ?»

«የሥራ ነው። ስትመጣ ይነገርሃል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም።»

«ልታስወጡኝ ነው። እትዬ ማናል፣ እርስዎ እንኳ አይደብቁኝ። የሰይፈዲን ጦስ ነው አይደል? እኔ እናቴን ጥዬ የት እጠፋለሁ? ንገሩልኝ። ውሌን ልጨርስና የሷን ቤት ጣሪያ ልቀይር፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። አሁን አልመጣም።»

«ይስሐቅ፣ ስማኝ…»

«አልመጣም። ትእዛዝ ነው ካሉ በጽሑፍ ይላኩልኝ።»

ከአርባው ሃያ አራት ቀን ቀርቷል። ማናልሞሽ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ ቆመች። አላለቀሰችም፤ ግን እሳቸው ፊቷን አይተው ወንበር ሳቡላት።

«አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው» አሉ። «እውነቱን ሲስተሙ ላይ ሙዪው። የሐዘን ፈቃድ ከሆነ እምቢ አይሉም። ከተፈቀደ በኋላ እኔ በትእዛዝ አስመጣዋለሁ፤ ለስብሰባ ነው እንለዋለን።»

«እዚያ ያሉት ቢነግሩትስ?»

«አትንገሩት ብለሽ ጻፊባ።»

ይህ ለሁለቱም ትክክል መሰላቸው። ማናልሞሽ ሲስተሙን የተማረችው በአንድ ቀን የሁለት ሰዓት ሥልጠና ነው፤ አሠልጣኟ በስክሪን ላይ ሆና በእንግሊዝኛ ስታስረዳ እሷ የገባትን በአማርኛ ትጽፍ ነበር። ቅጹ ሲላክ ማን ማን ዘንድ እንደሚደርስ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ ሌሎቹ ሁሉ የገባቸው ስለመሰላት አፍራ ተወችው።

በዚያ ሳምንት ቴፒ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ዓርብ ጠዋት የቀበሌውን የሞት ማስረጃ በፕላስቲክ ጠቅልላ በሚኒባስ ወደ ሚዛን ከተማ ተሳፈረች። ሸኮ ላይ ጎማ ፈነዳና አንድ ሰዓት ቆሙ። ሚዛን አንድ የኢንተርኔት ቤት ገብታ የጽሕፈት ሥራ እንደለመደው ሰው ቀስ ብላ፣ እየደጋገመች እያየች ሞላች። የሠራተኛው ስም። ምክንያት፣ ሞት። ዝምድና፣ እናት። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጣ ሁለት ጊዜ አረጋገጠች። ከታች «ማስታወሻ» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ ባላት እንግሊዝኛ፣ «እባካችሁ ለእሱ እንዳትነግሩት፤ ገና አልሰማም፤ ቤተሰቡ እዚህ ይነግረዋል» ብላ ጻፈች። ላክ የሚለውን ስትነካው አረንጓዴ ምልክት ወጣ።

ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት። ከኢንተርኔት ቤቱ ወጥታ ፍርፍር በላች። ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ስልኳ ሲጮህ ረዳቶቹ «ቴፒ! ቴፒ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ። ዓርብ ነው፤ ይስሐቅ ዓርብ ደውሎ አያውቅም።

«እትዬ ማናል» አለ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። «አንድ መልእክት ስልኬ ላይ መጣ። የተሳሳተ ይመስለኛል።»

«የምን መልእክት?»

«ከሲስተሙ ነው። ላንብብልዎት። ‘ውድ ይስሐቅ፣ በእናትዎ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። የሐዘን ፈቃድ ጥያቄዎ ደርሶናል’ ይላል። ይሄ የሌላ ሰው ነው አይደል?»

ማናልሞሽ የሚኒባሱን በር ያዘች።

«ቀን አለው። ወሩ ያለፈው ወር ነው። ከታች ደግሞ ‘እባካችሁ ለእሱ እንዳትነግሩት’ ይላል።» ትንፋሹ ተሰማት። «እሱ ማለት እኔ ነኝ?»

«ይስሐቅ፣ አጠገብህ ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ማጠቢያ ገንዳው ጋ ነኝ። ሰዎቹ ምሳ ወጥተዋል።»

«ወደ ሰዎቹ ሂድ። እባክህ። አሁኑኑ ሂድና ከሰው ጋር ሁን።»

«የማን ሰው ጋ ልሂድ?» አለ። የእዚያን አገር ቋንቋ ገና እየለመደ ነበር፤ ሁለቱ ባልደረቦቹም የሚሠሩት ከእሱ ርቀው፣ በእርሻው ሌላ ጫፍ ነው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አላት። «የጫማዋን ቁጥር ልከሽልኛል እኮ። ሠላሳ ስምንት ብለሽ።»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት መስመሩ ተዘጋ። ደጋግማ ደወለች፤ አያነሳም። ረዳቱ «እናት፣ ይገባሉ ወይስ ልጫን?» አላት። ዙሪያዋን ሰው ሞልቷል። አንዲት ሴትዮ ፊቷን አይታ ክንዷን ያዘቻትና ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ውኃም ገዛችላት። እስከ ቴፒ ድረስ እጇን አልለቀቀችም። እትዬ ለተብርሃን ለልጃቸው የለመኑት ይህንኑ ነበር፤ የደረሰው ግን ለማናልሞሽ ነው።

በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደሚጠይቅ ያውቃል ብለው ነው የሠሩት። ሐዘንተኛው ራሱ ያልሰማው ሐዘን፣ አገር ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ የማያውቀው ሐዘን ይኖራል ብለው አላሰቡም። እሷ ደግሞ ኮምፒውተር መርዶ ይነግራል ብላ አላሰበችም።

አቶ ወልደጻድቅ ሲሰሙ፣ ቢያውቅም መርዶው በወግ ይነገረው አሉ። እሁድ ንጋት ላይ ሰባት ሽማግሌ ሰብስበው ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ በእትዬ ለተብርሃን በር ገቡ። ስልኩን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን ቆሙ። ይስሐቅ አነሳው።

«ልጄ ይስሐቅ» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ «እኛ የአባትህ ወዳጆች ነን። ይሄውልህ ሁላችንም ቆመናል…»

«አውቄያለሁ አባባ» አለ ይስሐቅ። «እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ ልግባ።»

ዘጋው። ሽማግሌዎቹ በርጩማው ዙሪያ ቆመው ቀሩ። አንዱ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሌሎቹ ግን ለማን እንደሚያለቅሱ ግራ ገብቷቸው ወለሉን ያዩ ነበር።

ፈቃዱ መፈቀዱ አልቀረም። ሰባት ቀን ተሰጠው፤ ቲኬትም ይቆረጥለት ተባለ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ጥያቄው በተላከ በአሥር ቀን ውስጥ ሠራተኛው ራሱ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ ማረጋገጥ አለበት። ማናልሞሽ በማክሰኞው ጥሪ ለመነችው።

«አንድ ቁልፍ ነው ይስሐቅ። ተጫነውና ና። በአርባዋ ትደርሳለህ።»

«አይቼዋለሁ። ‘እናቴ መሞቷን አረጋግጣለሁ’ ነው የሚለው።»

«አዎ፣ እሱን።»

«እንዴት ነው የማረጋግጠው? ስትታመም አላየሁ፤ ስትቀበር አላየሁ። እኔ የማውቀው ጠበል እንደወረደች ነው። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፤ ሁለት ጊዜ።»

«እኔን ብትፈልግ ስደበኝ፣ ግን ና።»

«አልሰድብሽም» አለ። «ማረጋገጥ ግን አልችልም።»

አሥረኛው ቀን ሰኞ ዋለ። ማናልሞሽ ኮምፒውተሯን ስትከፍት «በሠራተኛው ስላልተረጋገጠ ጥያቄው ተዘግቷል» የሚል መልእክት ጠበቃት። እንደገና ልትሞላ ሞከረች፤ በአንድ ምክንያት ሁለት ጊዜ አይቻልም አላት። አቶ ኃይለሚካኤል ስልክ ደወሉ፣ ደብዳቤም ጻፉ። ከዚያ የመጣው መልስ ሠራተኛው በሥራው ላይ እንደሚገኝ፣ ቅሬታም እንደሌለው የሚገልጽ ነበር።

አርባው ወጣ። ድንኳን ተተከለ፤ ቄሶቹ ጸለዩ፤ ሰው በልቶ ሄደ። እድርተኛው ለማናልሞሽ ምንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ቦታ ለቀውላት ተቀመጠች፤ ግን በግራና በቀኝዋ የነበሩት ሴቶች ወዲያው ተነስተው ወደ ማዕድ ቤት ሄዱ። ቲጂ ብቻ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና የእትዬ ለተብርሃንን ስልክ ከመቀነቷ አወጣች።

«በየቀኑ ይደውላል» አለቻት ቀስ ብላ። «ሳነሳው አይናገርም። አሁን ማንሳቱን ትቻለሁ፤ ጮሆ ጮሆ ሲበቃው ያቆማል። ባትሪውን ግን እሞላዋለሁ።»

በማግስቱ ማናልሞሽ ከዚያ ሥራ እንዲያነሷት ማመልከቻ ጻፈች። አቶ ኃይለሚካኤል አንብበው መለሱላት።

«ማንን ልተካ? ልጆቹን ከአንቺ ሌላ የሚያውቃቸው የለም።»

ማክሰኞ በአራት ሰዓት መዝገቧን ከፈተች። ሦስት ሰዎች ቀርተዋል። ሁለቱን አነጋገረች። ይስሐቅን መጨረሻ አደረገችው። አነሳው።

«እንዴት ነህ ይስሐቅ?»

«ደህና ነኝ።»

«እህል ትበላለህ?»

«ደህና ነኝ።»

በመስኮቱ ሠራተኞቹ ከአልጋው ላይ ቡና ሲያገላብጡ ይታያሉ፤ ዝናብ ሊመጣ ስለሆነ ይጣደፋሉ።

«ጫማውን» አለ እሱ ድንገት፣ «እዚህ ግቢ ለምትጠርግ ሴትዮ ሰጠኋት። ልኳ ሆነ።»

«ጥሩ አደረግህ።»

«ሌላ የሚጠየቅ አለ?»

«የለም።»

ስልኩን አስቀመጠች። በይስሐቅ ስም ትይዩ፣ «የሠራተኛው ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር፣ ከላይ እስከ ታች በራሷ እጅ የተጻፈ አንድ ቃል ተደርድሯል። እስክሪብቶዋን ይዛ ብዙ ቆየች። ሌላ ቃል ብትጽፍ ማን አንብቦ ምን እንደሚያደርግለት አሰበች፤ ማንንም አላገኘችም። «ደህና» ብላ ጻፈችና መዝገቡን ዘጋች።